ከሰል የከለከለው ሰው

ኢንስፔክተር አክሱማዊት ለቡ መብራት ኃይል ከሚገኘው ግቢ ስትደርስ ለድግሱ የተተከለው የእድር ድንኳን ገና አልፈረሰም ነበር። ማፍረስም አላስፈለገም። ለእንግዳ በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ለቀስተኛ ተቀምጧል።

ሬሳው ከግቢው ጥግ በቆመ አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ውስጥ ነው። መኪናው ለዓመታት ከመካኒሳ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ነው። ሟቹ በኃይሉ ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ፣ የውሃ በርሜልና መደርደሪያ ገጠመለት፤ ከኋላ ደግሞ ትንሽ መጸዳጃ አከለበትና የሚታደርበት ቤት አደረገው። በኃይሉ የብረት በርና መስኮት ሠሪ ነበር። በያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ጥንቃቄው ይታያል።

ሟቹ በጎኑ ተኝቷል፤ ብርድ ልብሱ እስከ ትከሻው ደርሷል። ጉንጩ እንደ ሕያው ሰው ቀላ ብሏል። አልጋው አጠገብ የከሰል ማንደጃ ተቀምጧል። በሩ ላይ ግን በራሱ በሟቹ እጅ፣ በቀይ ቀለም፣ «ከሰል ይዞ መግባት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል።

«ራሱ ከልክሎ ራሱ አስገባ» አለ ሳጅን ዲንሳ። «ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ትናንት ማታ ሰው ፊት ተዋርዷል አሉ። በሩም ከውስጥ ተቆልፎ ነበር።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሰፈሩ ሁሉ።»

«ሰፈሩ ሁሉ እዚህ መኪና ውስጥ አድሯል እንዴ?»

አክሱማዊት ቁጢጥ ብላ ጣቷን ማንደጃው ውስጥ ከተተች። አመዱ እንደ ሊጥ ተለጠፈባት። በመሐረብ ጠረገችውና የመጸዳጃውን በር ከፈተች። ቱቦው ተነቅሏል፤ ወለሉ ላይ የሳህን አፍ የሚያህል ቀዳዳ ቀርቷል። በቀዳዳው ሥር መሬቱ ይታያል። መስኮቶቹ፣ ከተሰበረው ከአንዱ በቀር፣ ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል።

ወርዳ ጭቃው ላይ በጀርባዋ ተንጋለለችና በኋላ ጎማዎቹ መሀል ገባች። ስትወጣ እጅጌዋ ጠቁሯል።

«ኧረ ልብስዎ!» አለ ዲንሳ።

«ይታጠባል።»

ከዚያ ወደ ግቢው በር ሄደች። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሌሊቱን ሲሠራ የነበረው ትንሽ ጄኔሬተር አጥሩ ሥር ቆሟል። በአንድ ጎኑ ከፍ አድርጋ ከሥሩ አየች፤ መሬቱ ጭቃ ነው። ጀርባውን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ደረቅ አቧራ ነው።

የሟቹ ሚስት ውብነሽ ሳሎን ውስጥ ልጇን ምሥጋናን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። አክሱማዊት ልጅቷ እስክትወጣ ጠበቀች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። ድግሱ የምን ነበር?»

«የሙከራ አዳር ነበር» አለች ውብነሽ። «እንደሱ መኪናቸውን ቤት ያደረጉ ጓደኞች አሉት። ሁሉም ቤተሰቡን ይዞ ላንጋኖ ዳር አብሮ ሊሰፍር ተቀጣጥረው ነበር። በኃይሉ ነው አዘጋጁ። ማን ውሃ እንደሚይዝ፣ ማን የት እንደሚቆም፣ ሁሉንም ሲያስብ ከረመ። ‹ከመሄዳችን በፊት እኔ ግቢ አንድ ሌሊት እንሞክር› አለ። ዝናብ ሲያስፈራራ ሁሉም ቀሩ። መሐሙድ ብቻ ሚኒባሱን ይዞ፣ ከሚስቱ ከሐሚዳ ጋር መጣ።»

«እርስዎ ማታ የት አደሩ?»

«ቤት። ከልጄ ጋር።»

«ሙከራው መኪና ውስጥ ለማደር አልነበረም?»

«አሞኝ ነበር» አለች ውብነሽ፣ ምንጣፉን እያየች።

«መስኮቱ ሁሉ ለምን ተዘጋ?»

«ንፋስ እንዳይመታው ነዋ! ማነው ደግሞ መስኮት ከፍቶ የሚተኛው?»

«ማን አገኘው?»

«ቁርስ ይዤ ሄጄ ባንኳኳ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ብጠራው ዝም። ቃሌን፣ ወንድሙን ቃለሕይወትን ጠራሁት። መስኮቱን ሰብሮ ገባ። ‹መሐሙድን ቀስቅሺ፣ መኪና ያስነሣ!› ብሎ ጮኸብኝ። ስንመለስ በሩ ተከፍቷል፤ ቃሌ መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ከሰሉን ያኔ ነው ያየሁት።» ወደ በሩ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ኢንስፔክተር፣ ልጄ ‹አባቴ ሆን ብሎ ነው ወይ?› እያለች ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?»

«ስደርስበት መጀመሪያ ለእርስዎ ነው የምናገረው» አለች አክሱማዊት።

መሐሙድ መካኒሳ አቦ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግድ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ዛሬ ግን እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ደብቋቸዋል።

«ማታ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? በላን፣ ተጫወትን፣ ተኛን።»

«ተዋርዷል የሚባለውስ?»

መሐሙድ ቆቡን አውልቆ መልሶ ደፋው። «የሰፈሩ ሰው መኪናውን ሊያይ መጥቶ ነበር። በኃይሉ መጸዳጃው እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ አለና ማጠቢያውን ለቀቀው። ቱቦው ከታች ወለቀ። ያለው ሁሉ… ይቅርታ ያርጉልኝ፣ ያለው ሁሉ ውጭ በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ወደ እኛ ወረደ። ምግብ ቀርቧል እኮ! እኔ ሞኙ ምን አልኩ? ‹በኃይሉ፣ እኛ ላንጋኖ ሳንደርስ ሽንት ቤትህ ቀድሞን ሄደ!› አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ግን ሳቁን ዛሬ ሳስበው የሚሳቅ ሳቅ አልነበረም።»

«ከዚያስ?»

«ቱቦውን ነቅሎ ጣለው። ‹ነገ እበይደዋለሁ› ብሎ ገብቶ ተኛ።»

«‹ነገ እበይደዋለሁ› አለ?»

«በአላህ! ያለው ይህንን ነው።»

ሐሚዳ ሕፃኗን እየወዘወዘች ነው ያነጋገረቻት። «ሚኒባሳችን የቆመው ግቢው በር ጋ፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ ነበር። ጩኸቱ ይችን ልጅ አላስተኛ አላት። ዝናቡ ሲጀምር ግን ቀነሰና ተኛችልኝ።»

«ጄኔሬተሩ ጠፋ ማለት ነው?»

«ኧረ አልጠፋም፣ አምፖሉ በርቷል። ድምፁ ብቻ ነው ራቅ ያለው።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ቃለሕይወት የመጨረሻው ነበር። ዓይኑ አብጧል። ወጣት ስለሆነ አክሱማዊት አንተ አለችው።

«ጄኔሬተሩን የምትይዘው አንተ ነህ?»

«አዎ። በሩ ጋ ነው ያደረው። አልነካሁትም። ዝናቡ ሲጀምር ተኝቼ ነበር።»

«ማንደጃውስ?»

«ስገባ አልጋው አጠገብ አገኘሁት። ገና ትኩስ ነበር፣ እጄን ሊፈጀኝ ነበር።» ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። «ጋሼ እኮ እንደ አባቴ ነው ያሳደገኝ።»

ይህኛው እውነት እንደሆነ አክሱማዊት አልተጠራጠረችም።

ሆስፒታሉ በሟቹ ደም ውስጥ የጭስ መርዝ መኖሩን አረጋግጦ ሬሳውን ሰጠ። ቀብሩ ላይ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መጥተው ነበር፤ ግን አልዘመሩም። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ ቆዩና አጭር ጸሎት ተደርጎ አፈር ተመለሰ። ስለ በኃይሉ ሕይወት የመሰከረ ሰው አልነበረም። ራሱን ላጠፋ ሰው ምን ተብሎ ይመሰከራል? ውብነሽ ፊቷን ተከናንባ፣ ልጇን ይዛ፣ ማንንም ሳታይ ከመቃብሩ ወጣች። በሌላኛው ጎኗ ቃለሕይወት ክንዷን ደግፎ ነበር።

በማግስቱ አክሱማዊት ወደ ድንኳኑ መጣች። አስቀድማ ውብነሽን ለብቻዋ ወደ ጓዳ ወስዳ በኃይሉ ራሱን እንዳላጠፋ ነገረቻት። እንዴት እንደሞተ ግን ሁሉም ባለበት እንድትሰማ ለመነቻት። ውብነሽ እሺ ብላ ወጣች። መሐሙድና ሐሚዳ፣ ቃለሕይወት፣ ምሥጋና፣ ከሽማግሌዎቹም አንዱ ተቀምጠዋል። ዲንሳ መግቢያው ላይ ቆመ።

«ከሐሚዳ በቀር ያነጋገርኳችሁ ሁሉ የሆነ ነገር ደብቃችሁኛል» አለች አክሱማዊት። «ክፉ ስለሆናችሁ አይደለም፤ አፍራችሁ ነው።»

ውብነሽ ብድግ አለች። «እኔ አላመመኝም ነበር። ‹ሰው ፊት አዋረድከኝ፣ ካንተ ጋር የትም አልሄድም› ብዬው ነው ቤት የገባሁት። ለሱ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ይሄ ነው። እኔ የገደልኩት መስሎኝ ነው የከረምኩት።»

«እኔም» አለ መሐሙድ፣ ቀና ሳይል።

«ቃላችሁ አልገደለውም» አለች አክሱማዊት። «‹ነገ እበይደዋለሁ› ብሎ የተኛ ሰው ነገን የሚጠብቅ ሰው ነው። ግን ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቃለሕይወት፣ ማንደጃው ትኩስ ነበር ብለኸኛል።»

«አዎ።»

«እኔ ስነካው አመዱ ጭቃ ነበር። አቶ መሐሙድ፣ የመኪናው ጣሪያ ያፈስ ነበር?»

«በኃይሉ የሠራው ጣሪያ?» አለ መሐሙድ በቁጣ። «ጠብ አይልም!»

«እንግዲያው አመዱን ያራሰው ምንድነው? ይህ ማታ ሥጋ የተጠበሰበት ማንደጃ ነው። ውጭ ተረስቶ ዝናብ ሲወርድበት አድሯል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው የገባው፤ ያኔ ደግሞ በኃይሉ ሞቷል። የራሰ ከሰል ሰው አይገድልም።»

ድንኳኑ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሣ። «ሐኪሙ ጭስ ነው አላለም?» አለ ሽማግሌው።

«ብሏል። የምን ጭስ እንደሆነ የጠቆመችኝ ሐሚዳ ናት። ዝናቡ ሲጀምር አምፖሉ እንደበራ የጄኔሬተሩ ድምፅ ራቀ። ራሱ ተራምዶ አይሄድም። በሩ ጋ አድሮ ቢሆን ጀርባው በራሰ፣ ሥሩ በደረቀ። እኔ ያገኘሁት ግልባጩን ነው። ቅጥቅጡ ሥር ገብቼ ሳይ በመጸዳጃው ቀዳዳ ዙሪያ አዲስ ጥቀርሻ አለ፤ እጅጌዬን ያጠቆረኝ እሱ ነው። ጄኔሬተሩ ዝናብ እንዳይመታው መኪናው ሥር ተደረገ። ጭሱ ቱቦው በተነቀለበት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። የተኛ ሰው ይህ ጭስ አይቀሰቅሰውም።»

«በጌታ ስም!» አለ ሽማግሌው።

«እስከዚህ ድረስ አደጋ ነው። ማንደጃው ግን አደጋ አይደለም። በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ ወይዘሮ ውብነሽ በእጃቸው ሞክረውታል። ስለዚህ ማንደጃው የገባው መስኮቱ ተሰብሮ በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው። እነሱ መኪና ሊያስነሡ ሄደው እስኪመለሱ እዚያ የነበረው አንድ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ አንድ ወንበር ዞረ።

ቃለሕይወት ወደ ውብነሽ ዞረ። «ዝናብ እንዳያበላሽበት ብዬ ነው። በምወደው ይሁንብኝ፣ ለዕቃው ብዬ ነው! ነጋ ሲል ነዳጁ አልቆ ቆሞ አገኘሁትና ወደ ቦታው መለስኩት። ምንም አላወቅሁም። መስኮቱን ሰብሬ ስገባ ጭሱ ሸተተኝ። ያኔ ገባኝ። ‹ቃሌ፣ ጄኔሬተር ከመኪና ይራቅ› ስንቴ ብሎኛል! ወንድሜን ገደልኩ ብዬ በምን ዓይኔ ልውጣ? ከሰል ሁልጊዜ ሰው ይገድላል። ‹አደጋ ነው› ይሉና ያልፋል ብዬ አሰብኩ። ራሱን አጠፋ ይላሉ ብዬ አላሰብኩም።»

«ሲባል ግን ሰምተሃል» አለች አክሱማዊት።

«ሰምቻለሁ።»

ውብነሽ ቀስ ብላ ወደ እሱ ሄደች። ትመታዋለች ብላ ሐሚዳ ተነሣች። አልመታችውም።

«መዘምራኑ ዝም ሲሉ አጠገቤ ነበርክ» አለች።

«ነበርኩ።»

«ክንዴን ይዘህ ነበር።»

«ይዤ ነበር፣ እትዬ።»

«ያን ቀን ጠዋት ‹ጄኔሬተሩን እኔ ነኝ› ብትለኝ አቅፌህ አለቅስ ነበር። ልጅ ነው፣ አላወቀም እል ነበር። አንተ ግን ውርደትህን አውልቀህ ለሞተ ሰው አለበስከው።»

ቃለሕይወት እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ወደኋላ ሸሸች። ልጇን ምሥጋናን አስነሥታ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «ሰማሽ? አባትሽ ትቶን አልሄደም። እስኪነጋለት ነበር የተኛው።» ልጅቷ ቀብሩ ላይ ያላለቀሰችውን ለቅሶ አሁን ለቀቀችው።

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኅት ውብነሽ፣ እኛም በድለናል። ወንድማችንን በዝማሬ ሳንሸኘው…»

«ይቆዩኝ፣ ጋሼ» አለች ውብነሽ። ወደ ቃለሕይወት ዞረች። «ተነሥ። ስሙን በክፉ ያነሣው ሰው ሁሉ እዚህ ድንኳን ውስጥ አይደለም። ደጅ ያለውም ይስማህ።»

ዲንሳ ካቴናውን ይዞ ወደፊት ሲራመድ አክሱማዊት ክንዱን ያዘችው። «ተወው፣ ይጨርስ።»

ቃለሕይወት ተነሥቶ ወደ ግቢው በር ሄደ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ጎረቤቶች፣ የባለሱቁ ሚስት፣ ያን ማታ ምንጣፉ ዳር ቆመው የሳቁትም ሰዎች እዚያ ነበሩ። አንገቱን ደፍቶ ከዝናቡ ጀመረ።

«አይሰማም» አለችው ውብነሽ ከኋላው። «ቀና ብለህ ተናገር።»

ቀና አለና እንደ አዲስ ጀመረ።