የሠላሳ ሰከንድ ዝምታ

«ድምፁ አልጨምር ብሎኛል» አለና ሰውየው ራዲዮኑን አሳቀፋት።

መርፌ ተቀበለችው። የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ፣ ከባንኮኒው በስተግራ፣ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። መልእክቷን ስለሚረከበው ሰው የተነገራት ምልክት ሁሉ ልክ ነው። የቀረው የይለፍ ቃሉ ብቻ ነበር።

«ዝናብ ነክቶት ይሆን?» አለች ቀስ ብላ።

«ኧረ የምን ዝናብ! ልጄ ጥላው ነው። ባለፈው የሠራሽልኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

እጇ ቦርሳዋ ውስጥ እንደገባ ቀረ። ሰውየው የሱቁ ሠራተኛ መስላው ነው። ለጥቂት የሰባት ወር ልፋቷን ለአንድ ራዲዮ አስጠጋኝ አስረክባ ነበር።

«እኔ አይደለሁም ጌታዬ።»

«ታዲያ ለምን ተቀበልሽኝ?»

ከመጋረጃው ኋላ ሳቅ ተሰማ። «ራዲዮኑን እዚያው አስቀምጪላቸውና ግቢ» አለ አጎቴ።

አጎቴ አጎቷ አልነበረም። በስለላ ድርጅቱ ውስጥ የቅርብ አለቃዋ ነው፤ መርፌ የሚለውን ስም ያወጣላትም እሱ ነው። ጓዳው ጠረጴዛ ላይ ሽቦ የሚበየድበት ብረት ጫፉ ግሎ ይጨሳል። አጎቴ የማስታወሻ ካርዷን በግራ እጁ ተቀበላት። የዚያ እጁ ትንሿ ጣት ጫፍ የላትም።

«የት?»

«የተዘጋው የጡብ ፋብሪካ። አምስት ሰዓት።»

«ራሱ ይመጣል?»

«ለጋሼ ካልሆነ ለማንም አልናገርም ብሏል።»

የሚመጣው ሰው መሐንዲሱ ይባላል። በአውቶቡስ መናኸሪያው ዘጠና አንድ ሰው የፈጀውን ፈንጂ የሠራ እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥላውን ያየ የለም። መርፌ አንጋፋው ዘጋቢ ጋሼ በሚሠሩበት ቴሌቪዥን ጣቢያ የድምፅ ባለሙያ ሆና የተቀጠረችው እሱን በሕይወት ለማስያዝ ነበር።

አጎቴ ጥቁር የማይክ ማስተላለፊያ ዘረጋላት። «ይኼን ጋሼሽ ቀበቶ ላይ አድርጊው። እኔም በዚሁ እሰማችኋለሁ። የመሐንዲሱን ድምፅ እንደሰማሁ ልጆቹ ግቢውን ይከባሉ። እናንተ ስትወጡ እነሱ ይገባሉ።»

«ከበፊቱ ይከብዳል።»

«ባትሪው ነዋ። መርፌ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሚዛን የሆነችው?»

ሳቀች። አለቃ ሲቀልድ ይሳቃል።

ወደ ፋብሪካው የሚወስዳቸውን መኪና የሚነዳው ካሜራ ባለሙያው ነው። ወንበሩን ሞልቶት ስለሚቀመጥ ቀጮ ይሉታል።

«ጋሼ፣ የዛሬው ተኩስ እዚያው አለ ወይስ ከማህደር እናምጣ?»

ጋሼ አልተቆጡም። ሠላሳ አራት ዓመት በዜና ዘጋቢነት ኖረዋል። ስድስት ጦርነት ዘግበዋል፤ ሁለት ጥይት ገላቸው ውስጥ ቀርቷል። ዘገባቸውን ሲጨርሱ «በዓይኔ አይቻለሁ» ይሉ ነበርና አገር ምድሩ በዚያ ያውቃቸዋል። ሰው የሚያነሳባቸው ግን አንዲቷን ቀን ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ሆቴል ምድር ቤት ቆመው ከጦር ግንባር ነኝ አሉ። የተኩሱ ድምፅ ከማህደር የተቀጠለ ነበር። ያጋለጣቸውም የራሳቸው የድምፅ ባለሙያ ነው።

«ያን ቀን ፈራሁ» አሉ ወደ መርፌ ዞረው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «እግሬ ከምድር ቤቱ አልወጣም አለኝ። አፌ ግን አልፈራም። አፌ ብቻውን ጦር ሜዳ ደርሶ መጣ።»

«ይኼኔ ቁርሱንም እዚያው በልቶ ይሆናል» አለ ቀጮ።

ሦስቱም ሳቁ። ጋሼ ከኪሳቸው ብርቱካን አወጡና እንደየቀኑ ከሦስት ከፈሉት። መርፌ ድርሻዋን ይዛ ቆየች። ሰባት ወር ሙሉ ለእኚህ ሰው ስትዋሽ ኖራለች። ዛሬ ያልቃል። ሦስቱም በሰላም ይወጣሉ። አጎቴ ቃል ገብቷል።

ፋብሪካው በር ላይ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጠባቂዎች ፈተሿቸው። አንደኛው ከኋላው ግቢ ሊጠብቅ ሄደ። ሁለተኛው ጡብ ይጠበስበት ወደነበረው አዳራሽ አስገባቸው። መርፌ ማስተላለፊያውን ጋሼ ቀበቶ ላይ ሰካች፤ ማይኩን ደረታቸው ላይ አደረገች፤ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ጫነች።

መሐንዲሱ ገባ። ቅንድቡን እሳት የበላው ከሲታ ሰው ነው። ሰላም ሊል አፉን ሲከፍት ጋሼ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ይህ የእሳቸው ደንብ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዝምታ አለው። ፊልሙ ሲቆራረጥ ክፍተቱ እንዲሸፈንበት የድምፅ ባለሙያ ያን ዝምታ ሠላሳ ሰከንድ ይቀዳል። ሌላው ዘጋቢ መጨረሻ ላይ ያስቀዳል። ጋሼ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ከማንም ቃል በፊት ያስቀዳሉ። «መጀመሪያ ክፍሉ ይመስክር» ይላሉ።

መርፌ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነች።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

ጢቅ።

ማዳመጫዋን በእጇ ጠበቅ አደረገችው። ነፋስ። የቀጮ ትንፋሽ። ከዚያ እንደገና።

ጢቅ።

በየሦስት ሰከንዱ፣ ከጋሼ ማይክ በኩል ብቻ። ይህን ድምፅ ማሠልጠኛ ሳለች አስደምጠዋታል። ትእዛዝ የሚጠብቅ ፈንጂ ድምፅ ነው። ክብደቱ ትዝ አላት። የመሐንዲሱን ድምፅ እንደሰማሁ፣ ነበር ያለው።

አጎቴ ሊይዘው አይደለም። አራቱንም ሊያጠፋ ነው።

ከገመድ መጠቅለያ ነጭ ፕላስተሯ ቀድዳ በእስክሪብቶ ጻፈች። «ቀበቶዎ ላይ ፈንጂ አለ። እየሰሙን ነው። መሐንዲሱ ከተናገረ ይፈነዳል።» ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሳየች።

ጠባቂው ቀድሞ አነበበ። በጠመንጃው ሰደፍ አፏን መታት።

ጥርሷ ምላሷ ላይ ወደቀ። ደሙን ከጩኸቷ ጋር ዋጠችው። ቀጮ ሲንደረደር ጠባቂው ዞሮ ትከሻውን በሰደፉ ሰበረው። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ማዳመጫዋ ውስጥ ጮሆ ተሰማት። ቀጮ ጡንቻውን ነክሶ ተንበረከከ፤ ትንፍሽ አላለም።

«ይቅርታ፣ የካሜራ ማቆሚያችን ወደቀ» አሉ ጋሼ ለማይኩ፣ እንደ ዜና በረጋ ድምፅ።

ጠባቂው ጽሑፉን ዳግመኛ አይቶ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ።

መሐንዲሱ ቀረብ ብሎ ማስተላለፊያውን ሳይነካ ከሥር ከላይ አየው። የራሱን ሥራ የሚመለከት ይመስል ነበር። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ጻፈ። «ሽቦው ከተነቀለ ይፈነዳል። ድምፁ ከጠፋም ያፈነዱታል።»

አንድ ሰው እያወራ መቅረት አለበት ማለት ነው።

ጋሼ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቀበቷቸውን ከነማስተላለፊያው ፈቱና በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ክቡራን ተመልካቾች፣ እንግዳችን ገና አልገቡም» አሉ። «ከደጅ ኮቴያቸው ይሰማኛል…»

በዓይናቸው በሩን አሳዩዋት። መርፌ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ጋሼ ተቆጡ፤ ንግግራቸውን ሳያቋርጡ በአገጫቸው ገፏት።

«…ረጅም ሰው ናቸው። ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። አሁን ወንበራቸውን ሳቡ…»

መርፌ ቀጮን በደህናው ክንዱ ጎትታ ወጣች። መሐንዲሱና ጠባቂው ተከተሏቸው። በማዳመጫዋ የጋሼ ድምፅ እየተከተላት ነው። የሌለ ሰው አስቀምጠው፣ ውኃ አስጠጥተው፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ እየገለጹ፣ በኋላ በር ወጥተው ግቢው ውስጥ ወዳለ ደረቅ የውኃ ጉድጓድ እያመሩ ነበር። ቀበቶውን ሊጥሉት እንደሆነ በግንቡ ክፍተት አየች። ሃያ እርምጃ ብቻ ቀርቷቸዋል።

ከኋላ የነበረው ጠባቂ ምንም አያውቅም። ጥቁር ነገር ይዘው ሲወጡ ሲያይ ጠመንጃውን አቀባበለ።

«ቁም! ጌታዬ የት አሉ?»

መሐንዲሱ ከግንቡ ማዶ ሰማ። ረሳ።

«አትተኩስ!» ብሎ ጮኸ።

ድምፁ ማይኩ ውስጥ ገባ።

ምድር ተነሥታ ተመለሰች። ግንቡ ተናደ። መርፌ ከፍርስራሹ ስትወጣ ጆሮዋ ደም ያፈስ ነበር። ጠባቂዎቹ ሁለቱም ሞተዋል። ከጋሼ የቀረው አንድ ጫማና የማይኩ ገመድ ነበር። የመሐንዲሱን ሆድ ስለታም ጡብ ዘልቆታል።

መቅጃው ትከሻዋ ላይ እየሠራ ነበር።

«ማን ነው ያዘዘህ? የመናኸሪያውን!»

መሐንዲሱ በደም መሀል ተናገረ። የታዘዘበትን ቀን፣ ቦታውን፣ ፈንጂውን የተረከበውን ሰው። «ስሙን አላውቅም። በግራ እጁ ትንሿ ጣት ጫፍ የላትም። ዛሬ ይኼንኑ ልናገር ነበር።» ከዚያ ሞተ።

ቀጮን ሐኪም ቤት በር ላይ አወረደችው። ካርዱን ከመቅጃው አውጥታ ካልሲው ውስጥ ከተተችለት።

«ከጣቢያው ዋና አዘጋጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ሞቻለሁ።»

«አንቺ ማነሽ ግን?» አለ ቀጮ። ሄዳ ነበር።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የጥገና ሱቁን መጋረጃ ገለጠች። አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶ ስልክ ያወራል። «አዎ፣ አራቱም። የእኛም ልጅ አብራ። ምን ይደረግ።»

የራዲዮኖች ጩኸት ኮቴዋን ዋጠው። የጋለውን ብረት አንሥታ ከጆሮው ሥር ሰካችው።

ጮኸ። ዞሮ ጉሮሮዋን ያዘ። ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ ብርጭቆ ከሥራቸው ተፈረካከሰ። ጎድኗ ላይ በጉልበቱ ሲመታት አንድ ነገር ውስጧ ተሰበረ።

«መርፌ…» አለ። «እኔ ነኝ ሰው ያደረግሁሽ…»

የማይኩን ገመድ ከኪሷ መዘዘች። ከጋሼ የተረፈው ነው። አንገቱ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመችና እግሯን ጀርባው ላይ አስደግፋ ሳበች። ግራ እጁ ወለሉን ቧጠጠ። ቆየ። ከዚያ ተወ።

ገመዱን ወዲያው አልለቀቀችም። ሠላሳ ቆጠረች።

በማግስቱ ጣቢያው የመሐንዲሱን ቃል አሰማ። በሳምንቱ ከድርጅቱ ሦስት ባለሥልጣኖች ተያዙ። የጋሼንም የመጨረሻ ድምፅ አሰሙት፤ አንድ ጋዜጣ «በሞቱም ቀን ያላየውን አየሁ አለ» ብሎ ጻፈ። ቀጮ ትከሻውን አስሮ በቴሌቪዥን ቀረበና የሆነውን ተናገረ። ያመነው አመነ፤ ያላመነው ሳቀ።

የድምፅ ባለሙያዋ ስም ከሟቾች ጋር ተጻፈ። በወሩ ሌላ ከተማ ውስጥ አንዲት ፊቷ ላይ ጠባሳ ያለባት ሴት በራዲዮ ጥገና ሱቅ ሥራ ጀመረች። ግራ ጆሮዋ አይሰማም ነበርና ደንበኞች በቀኝ በኩል ቆመው ያናግሯት ነበር።