የድንጋዩ ምላጭ

ጦርነቱ በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ በክረምቱ መውጫ፣ ሁለቱ ሠራዊቶች በሜዳው ግራና ቀኝ ምሽግ ቆፍረው ተፋጠጡ፤ በመካከላቸው ያለው መሬት ከመድፍ ብዛት ሣር ማብቀል ትቶ ነበር።

በአንደኛው ምሽግ አንድ ደንብ ነበረ፤ ጎህ ሲቀድ መኮንኖች በወታደሩ ፊት ጢማቸውን ይላጫሉ። ደንቡን ያወጡት ሻለቃው ናቸው፤ «የአለቃውን እጅ ረግቶ ያየ ወታደር ልቡ አይሸሽም» ይሉ ነበር።

ከመኮንኖቹ ሁለቱ ከአንድ የጦር ትምህርት ቤት አብረው የወጡ ለጋ መቶ አለቆች ነበሩ። ረጅሙን ወታደሩ «ድንጋዩ» ይለዋል፤ መድፍ ቢያጓራ ምላጩ ንቅንቅ አይልም። አጭሩ ግን የተጠለለበት የምሽግ ዋሻ ከነሰዎቹ ከተደረመሰበት ቀን ወዲህ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎታል፤ ክርኑን ከጎድኑ አጣብቆ፣ ትንፋሹን ውጦ ይላጫል፤ ፊቱ ግን ሁልጊዜ እንደተቧጨረ ነው።

«መቶ አለቃ፣ ዛሬም ከድመቷ ጋር ተጣሉ?» አለው አንድ ቀን አሥር አለቃው፤ ምሽጉ በሳቅ ሞላ።

አጭሩም አብሮ ሳቀ፤ ጥርሱ ሳቀ እንጂ ሆዱ አረረ። በድንጋዩ ሹመት አልነበረም የቀናው፤ የረጋ እጁን ነበር የተመኘው። ድንጋዩ ሲበላ፣ ሲተኛ፣ ሲራመድ እንከን ይፈልግበት ጀመር።

አንድ ማለዳ አገኘው። ምላጩ የድንጋዩን ጉንጭ ከጆሮው እስከ አገጩ ሰነጠቀው፤ ደሙ በነጩ አረፋ ላይ ወረደ፤ እሱ ግን መላጨቱን ቀጠለ።

«ኧረ ቆረጥከው እኮ!» አለው አጭሩ ቀረብ ብሎ።

«ምኑን?»

«ጉንጭህን ነዋ!»

ድንጋዩ ጉንጩን ዳሰሰና ጣቱን አየ፤ የሌላ ሰው ደም ይመስል።

«አልተሰማኝም። ምንም ነገር ከተሰማኝ ሰንብቷል። የእናቴን ፊት ላስታውስ ስሞክር የጭቃ ግድግዳ ነው የሚመጣብኝ።» ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና፣ «አንተ ስትንቀጠቀጥ አይሃለሁ፤ እቀናብሃለሁ» አለው።

አጭሩ ስድብ መሰለው። ከወታደሩ ሳቅ ይልቅ ይህች ቃል አንገበገበችው።

የዚያኑ ቀን ሻለቃው አስጠሩት። «ከኋላ በማረፊያው ሆስፒታል አንድ አልጋ ተገኝቷል። ከአንተና ከድንጋዩ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለማን ነው? የትምህርት ቤት ጓደኛው አንተ ነህ፤ በሕሊናህ ንገረኝ» አሉት።

እውነቱ ምላሱ ላይ ነበረ። ነገር ግን ድንጋዩ በነጭ አንሶላ ተኝቶ፣ ያንን የረጋ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ታየው፤ ደግሞ ይህም ለእሱ?

«እሱ ደህና ነው፣ ጌታዬ። ድንጋይ ይደክመዋል እንዴ?» አለና እጁን ዘረጋላቸው፤ መንቀጥቀጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመው።

አጭሩ ሆስፒታል አርፎ፣ እጁ ረግቶለት ሲመለስ አሥር አለቃው ከምሽጉ አፍ ተቀበለው።

«ድንጋዩን አላዩት፣ ጌታዬ! ሰማዩ ጥርት ባለ ጠዋት መስተዋቱን ይዞ በምሽጉ አፋፍ ከተደረደረው የአፈር ከረጢት ላይ ወጣ። ቀጥ ብሎ ቆሞ ይላጭ ጀመር። ጠላት እንኳ ተገርሞ ዝም አለ እኮ! ኋላ አንዲት ጥይት… ግማሽ ጉንጩ አረፋ እንደሆነ ነው ያነሳነው። እንዲህ ያለ ወንድ!»

«ፊቱስ? ፊቱ ላይ ምን አየህ?»

አሥር አለቃው አሰበ። «ምንም» አለ።

የጦርነቱ ዜና መዋዕል ድንጋዩን «ለወታደሩ አርአያ ይሆን ዘንድ ሞትን የናቀ» ሲል ጻፈው፤ በአደባባይም ሐውልት ቆመለት፤ ቀራጩ ምላጩን ትቶ ሰይፍ አስያዘው። አጭሩ ጄኔራል ሆኖ አረጀ፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዶ ነበር፤ ሰው ኩራት ይለዋል እንጂ ከዚያ ወዲህ ምላጭ ነክቶ አያውቅም። በየዓመቱ አበባ ሲያኖር ቀና ብሎ የሚያየው ያንን የማይነቃነቅ የድንጋይ እጅ ነበር፤ ዛሬም ይቀናበታል። ታሪክ ከከረጢቱ ላይ ማን እንደወጣ ጻፈ፤ በማን አልጋ ማን እንደተኛ ግን አልጻፈም።