የሰማታር መኪና የኋላ በር

በግንቦት ወር አጋማሽ፣ አርብ ዕለት፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ባለው የዓዋሌ ግቢ አምስት ሰዎች ነበሩ። የግቢው ባለቤት ዓዋሌ፣ ሚስቱ ዑግባድ፣ የሚስቱ ወንድምና የሥራ ሸሪኩ ናሲር፣ ሠራተኛው ነህምያ፣ እንዲሁም መኪናውን ሊረከብ የመጣው ነጋዴ ሰማታር። ደንበኛ የጫት በርጫውን እንዳይረብሽ የውጭው በር እንደ ልማዳቸው ከውስጥ ተቆልፎ ነበር። ዐሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ሰማታር የመኪናውን በር ሲከፍት ዓዋሌን የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ ሞቶ አገኘው። የመኪናው ዘፈን አሁንም ይጮህ ነበር።

ኢንስፔክተር ማህደር ስትደርስ ዘፈኑ ቆሟል፤ ዝንቡ ግን አልቆመም። ከኪሷ ሎሚ አውጥታ በጥፍሯ ላጥ አደረገችና አፍንጫዋ ሥር ያዘችው። በሙያዋ ብዙ አስከሬን አይታለች፤ የድሬዳዋን የግንቦት ሙቀት ግን ያለ ሎሚ አትችለውም።

ከዓዋሌ ግራ ጆሮ ሥር ጠባብ ቀዳዳ አለ። ደሙ ትንሽ ነው፤ ሸሚዙ ኮሌታ ላይ ደርቋል።

«በምን ተወጋ?» አለች።

«በካቻቢቴ ሳይሆን አይቀርም» አለ ረዳቷ ሳጅን ዓብዩ። «የነህምያ ረጅሙ ካቻቢቴ ጠፍቷል። ጧት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቀዋል። እሱ ብቻ ነው በርጫው ላይ ያልነበረው። በካቴና አስሬ አስቀምጬዋለሁ።»

«ካቻቢቴውስ?»

«የለም። ጣሪያ ላይ ወጣን፣ የመጸዳጃውን ጉድጓድ በእንጨት አማሰልን፣ የተጣለውን የጫት ገረባ ሳይቀር በተንን። የለም።»

ከውጭው በር ባሻገር ጩኸት ይሰማል። የዓዋሌ ዘመዶች ከመጋላ ሰፈር በባጃጅ ደርሰዋል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሟቻቸውን መቅበር ይፈልጋሉ፤ ገዳዩንም ማየት ይፈልጋሉ። ከእነርሱ ፈንጠር ብላ የነህምያ እናት ሽታዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ማህደር ስታልፍ ቀሚሷን ይዛት ነበር።

«ልጄ ዶሮ እንኳ አያርድም፣ የኔ እናት» አለቻት። «እንዲህ ታስሮ በነዚህ ሰዎች መሀል ካሳለፋችሁት በሕይወት አይደርስም።»

ዓዋሌ ከፋብሪካ የመጣውን የመኪና በር ስፒከር አውጥቶ የተሻለ የሚገጥም፣ ከኋላ ወንበር ሥር ሳብዉፈር፣ ቤዙን የሚመታውን ትልቅ ስፒከር፣ የሚያስገባ ሰው ነበር። ሌላው ባለሙያ ስፒከሩን ቀይሮ ይተወዋል፤ ቤዙ ሲመታ በሩ እንደ ባዶ ጣሳ ይንቀጫቀጫል። ዓዋሌ ግን የበሩን ቆርቆሮ ድምፅ በሚያፍን ጎማ ለብጦ፣ የላላውን ሽቦ ሁሉ አስሮ ነው የሚዘጋው። ሥራው ካለቀ በኋላ መኪናው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ድምፁን ያስተካክላል። እሱ ራሱ እስኪወጣ ድረስ ማንም አይጠጋውም።

ማህደር በመጀመሪያ ነህምያ ጋ ሄደች። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን ሰው ነው። ከኒም ዛፉ ሥር ተቀምጦ ካቴናውን ያያል።

«እጅህን» አለችው።

ዘረጋላት። መዳፉን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው፤ ፊቷን አጨማደደች። ሽንኩርትና ላብ ነው።

«ጧት በምን ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም። የኋላው በር ድምፁ ሞቷል ብሎ ጮኸብኝ። እኔ የፊቶቹን ነው የገጠምኩት አልኩት። ከምሳ በኋላ ከፍቼ አየዋለሁ አለና ካቻቢቴዬን ተቀበለኝ።»

«ይህን ለሳጅኑ ነግረኸዋል?»

«መጣላታችንን ነው የጠየቀኝ፤ ስለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።»

«ከዚያስ?»

«እዚሁ ተኛሁ።»

«በዚያ ጩኸት?»

«በስድስት ዓመት ለመድኩት። ዘፈኑ ሲቆም ነው የምነቃው።»

ዓብዩ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ማህደር አልሳቀችም።

የበርጫው ክፍል ከግቢው ጥግ ነው። ፍራሹ ላብ ጠጥቷል፤ ወለሉ በገረባ ተሸፍኗል፤ የተተፋ ቅጠል ጆንያው ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይደርቃል። ማህደር ሎሚውን እንደገና ላጠችው። ሰማታር ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ወፍራም፣ ጺሙን በሂና ያቀለመ ሰው ነው።

«አቶ ሰማታር፣ እርስዎ…»

«አንተ በይኝ አቦ! ድሬ ነው ያለሽው!»

«እሺ፣ አንተ። ከዚህ ክፍል ማን ማን ወጣ?»

«ሁላችንም። እኔ ለከሰዓቱ፣ ለአስር ሶላት ወጥቼ ከውኃ በርሜሉ አጠገብ ሰገድኩ። ናሲር ከዚያ በፊት ከወጥ ቤት በረዶ ላምጣ ብሎ ወጥቶ ቆየ። ዑግባድ ሻይ ይዛ ትገባ ትወጣ ነበር። ዘፈኑ ስለሚጮህ ዓዋሌ ደህና ነው አልን። ወላሂ፣ እሱ እየሞተ እኛ ቤዙን እናደንቅ ነበር! ክፋቱም ይህ ነው።»

ማህደር ከሰማታር ጉልበት አጠገብ ወዳለው ነገር ተመለከተች። ያልተነካ ዙርባ፣ አንድ እስር ጫት ነው፤ ቅጠሉ ጠውልጓል።

«ይህን ለምን አልቃምከውም? ውድ ጫት ይመስላል።»

ሰማታር ወደ በሩ ተመልክቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ተጠይፌ ነው።»

«ምኑን?»

«ተይው እህቴ። ሰው ሞቶ ይህ ይወራል?»

«ሰው ስለ ሞተ ነው የምጠይቅህ።»

«ናሲር ነው በግራ እጁ ያቀበለኝ። ራሱም በግራው ነበር የሚቅመው። ምን እንደሚታጠቡበት በሚታወቅ እጅ! እንግዳ ባልሆን ኖሮ ፊቱ ላይ እወረውርለት ነበር። ለሶላት ተነሥ ስለውም ‹በኋላ› አለኝ። ናሲር እኮ አዛን የማያሳልፍ ሰው ነው።»

ወጥ ቤት ውስጥ ዑግባድ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ደርቋል። ከፊቷ ፔርሙዝና ያልታጠቡ ብርጭቆዎች አሉ፤ ዝንቦች በስኳሩ ላይ ይርመሰመሳሉ።

«ባልሽ ጠላት ነበረው?»

«ሥራውን የሚያበላሽ ሁሉ ጠላቱ ነው» አለች ዑግባድ። «ከሽቦ ጋር ይጣላ ነበር። ከሰው ጋር አይጣላም።»

«ከአንቺ ጋርስ?»

«ባለፈው ወር ተቆጥቼ ወደ እናቴ ቤት ሄጄ ነበር። ያንን ነግረውሽ ነው? ፍራሽ ያደረገልኝን ጎማ ለመኪና በር ቆርጦብኝ ነው የሄድኩት። ራሱ መጥቶ አሥቆኝ መልሶ ወሰደኝ።»

«ዛሬ ከሬሳው በፊት ያየሽው ያልተለመደ ነገር አለ?»

ዑግባድ አሰበች።

«ምንም። ናሲር ብቻ ሻዩን በግራው ተቀበለኝ። ‹ወሪያ፣ አንተ፣ በግራ የሚጠጣ ሸይጧን ነው› አልኩት። ‹ጣቴን ቆርጦኛል› አለኝ። ላስርልህ ብለው አላሳይም አለኝ። ሁልጊዜ ቁስሉን ለእኔ ነበር የሚያሳየው።»

ማህደር ብርጭቆዎቹን አየቻቸው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ጠርዙ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ነበረበት። አንሥታ አሸተተችው፤ ሎሚውን ረሳችው። ከሻዩ ጣፋጭ ሽታ ሥር ቤንዚን ይሸታል።

ናሲር ግቢው ውስጥ ከዘመዶቹ ድምፅ ራቅ ብሎ ቆሟል። ነጭ የጁምዓ ልብሱን አልቀየረም። ቀኝ እጁን በሽርጡ እጥፋት ውስጥ ይዞታል።

«አማቼን ማን እንደገደለው ታውቂያለሽ» አላት። «በካቴና ነው ያለው። ለምን ቀብሩን ታዘገዪብናለሽ?»

«ሎሚ ያዝልኝ» አለችና ዘረጋችለት።

ናሲር በግራው ተቀበላት።

«ዓብዩ» አለች ማህደር ፊቷን ሳትመልስ፣ «ሁሉንም ጥራቸው። መኪናው ጋ። ዘመዶቹም ይግቡ። የነህምያ እናትም ትግባ።»

ዓዋሌን በነጠላ ሸፍነው ከኒሙ ሥር አስተኝተውት ነበር። ነጩ የሰማታር ፒክአፕ በሮቹ ተዘግተው በግቢው መሀል ቆሟል። ማህደር ወደ ዓብዩ ዞረች።

«ዘፈኑን ክፈተው። ቤዙን እስከ መጨረሻ።»

ከዘመዶቹ አንዱ፣ ዐብዱልዓዚዝ የሚባል ሽማግሌ፣ በትሩን መሬት ላይ መታ።

«ሬሳ ባለበት ዘፈን ትከፍቻለሽ? ነውር አይደለም?»

«ነውር ነው፣ አባቴ። ግን ከዚህ የከፋ ነውር አለ። ትንሽ ይታገሡኝ።»

ቤዙ ሲመታ የግቢው አሸዋ ራሱ የዘለለ መሰለ። ማህደር መዳፏን የፊቱ ቀኝ በር ላይ አሳረፈች። ወደ ግራው ሄደች። ከዚያ ወደ ኋላ። በግራው የኋላ በር ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ሰማታርን ጠራችው።

«እጅህን እዚህ አድርግ።»

ሰማታር መዳፉን አሳረፈ። ፊቱ ተለወጠ።

«ይንቀጫቀጫል!» ብሎ ከዘፈኑ በላይ ጮኸ። «ዓዋሌ የሠራው በር ይንቀጫቀጫል? አይሆንም!»

«ዝጋው» አለች ማህደር፤ ዘፈኑ ቆመ። «አይሆንም። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ሳጅኑ ግቢውን ሁሉ በትኖ ካቻቢቴ አላገኘም። ከግቢው ማንም አልወጣም። ያልተፈተሸው ቦታ ሥራው አልቋል ተብሎ የተዘጋው ቦታ ነው። ዓብዩ፣ ፍታው።»

ዓብዩ ብሎኖቹን ፈታ፤ የበሩን የውስጥ ልባስ ሳበው። ጎማውና ላስቲኩ ከቆርቆሮው ጋር በጥቁር ሙጫ ተያይዘዋል፤ ሙጫው እንደ ማር እየተሳበ ጣቶቹን ያዘው። ዓብዩ ተጸየፈና እጁን አራገፈ። አልለቀቀውም። በሩ ሥር ጣቱን ሲያስገባ አንድ ረጅም ካቻቢቴ አወጣ። ጫፉ ላይ ደም ደርቋል።

ሽታዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዘመዶቹ አንዱ ወደ ነህምያ ተራመደ፤ ዐብዱልዓዚዝ በበትሩ አገደው።

«ስፒከሩንም አውጣው» አለች ማህደር።

ክዳኑ አዲስ ነው። ከሥሩ ያለው ግን ወረቀቱ ተቀድዶ በሙጫ የተጠገነ፣ ቀለም የተቀባ አሮጌ ስፒከር ነው። ሰማታር አይቶት ምራቁን ተፋ።

«ይህን ነው የገጠማችሁልኝ?»

«ዓዋሌ አይደለም» አለች። «ዓዋሌ ጧት ድምፁ ሞቷል አለ። ካቻቢቴውን ከነህምያ ተቀብሎ ከምሳ በኋላ በሩን ከፈተ፤ ይህንንም አየ። በርጫው ላይ ላንተ ሊነግርህ ነበር። አሮጌውን የገጠመው ሰው ግን መጥቶ አገኘው፤ ዘፈኑ ስለሚጮህ ማንም አልሰማም። ከገደለው በኋላ ካቻቢቴውን እዚያው ቢጥለው ‹ዓዋሌ ምን እየፈታ ነበር?› ይባላል። ስለዚህ ካቻቢቴውን ከአሮጌው ስፒከር ጋር በሩ ውስጥ ከተተውና በሌላ ካቻቢቴ ዘጋው። የላላውን ለማሰር ግን ጊዜ አልነበረውም፤ በሩ የተንቀጫቀጨው ለዚህ ነው።»

«ማን ነው?» አለች ዑግባድ።

«የሳጅኑን ጣት እዩት። ይህንን በር የከፈተና የዘጋ እጅ እንዲህ ይሆናል። ውኃ አያወጣውም፣ ሳሙና አያወጣውም፤ ቤንዚን ነው የሚያወጣው። በቤንዚን በታጠበ እጅ ደግሞ ጫት አይቃምም፣ ሻይ አይጠጣም፤ ያቅለሸልሻል፣ ሰውም ያሸተዋል። የነህምያን እጅ አሽትቻለሁ፤ ምሳው ነው የሚሸተው፤ ሙጫ የለበትም። እንግዲህ በበርጫው ላይ በግራ እጁ የቃመው ማን ነው? ሰማታር የተጠየፈውን ዙርባ ማን አቀበለው? ከእህቱ እጅ ሻይ በግራው የተቀበለው ማን ነው? ሳይታወቀው ቀኙ የነካው ብርጭቆ አሁንም ቤንዚን ይሸታል።»

ሁሉም ወደ ናሲር ሽርጥ እጥፋት አዩ።

«የሥራ ነው!» አለ ናሲር። «የዚህ ሥራ ሰው ነኝ። ሙጫ ሁልጊዜ እጄ ላይ አለ!»

ማህደር ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አባቴ፣ እንዲህ ያለ ሙጫ እጅ ላይ እያለ ለሶላት መታጠቡ፣ ውዱእ፣ ይሆናል?»

«አይሆንም» አለ ዐብዱልዓዚዝ። «ውኃው ቆዳውን አይነካም።»

«ናሲር ዛሬ ጁምዓ ሰግዷል። እርስዎ አይተውታል?»

«ከጎኔ ነበር። እጁ ንጹሕ ነበር።»

«ታዲያ ሙጫው ከጁምዓ በኋላ ነው የመጣው። ከጁምዓ በኋላ ደግሞ በዚህ ግቢ ሥራ አልነበረም። አስር ሶላት የቀረብህ ለዚህ ነው፣ ናሲር። ከገደልክ በኋላም ባልታጠበ እጅ መስገዱን ፈራህ። እጅህን አውጣ።»

አላወጣም። ዑግባድ ሄዳ ክንዱን ያዘች፤ ከሽርጡ ውስጥ ሳበችው። ቁስል አልነበረውም። መዳፉ በቤንዚን ነጥቷል፤ ጥፍሮቹ ሥር ግን ጥቁሩ ሙጫ ተጣብቋል።

«ዋላል» አለችው በሶማሊኛ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። ከዚያ በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማት፣ «ሻይ ሰጥቼህ ጠጣህ?»

«በሰማታር ፊት ሊያዋርደኝ ነበር!» አለ ናሲር። «ለድሬ ሰው ሁሉ! ደህናውን ለሌላ መኪና ገጠምኩት፣ እመልሰዋለሁ አልኩት። አልሰማኝም። ‹ዛሬ እነግረዋለሁ› አለ። አንድ ስፒከር ነው! ለአንድ ስፒከር ስሜን…»

«ለአንድ ስፒከር» አለች ዑግባድ።

ወደ ወጥ ቤት ገባች። ጠርዙ የጠቆረውን ብርጭቆ በጨርቅ ይዛ ወጣች፤ በባዶ እጇ አልነካችውም። ገረባው ወደሚጣልበት ጆንያ ሄዳ ከተተፋው ቅጠል መሀል ጣለችው። ከዚያም እጇን በበርሜሉ ውኃ ታጠበች፤ እንደገና ታጠበች።

ማህደር ሎሚዋን ከናሲር ግራ እጅ ሳትቀበል የመኪናውን ቁልፍ ለዓብዩ ሰጠችው።

የነህምያ ካቴና ተፈትቶ ናሲር ላይ ታሰረ። ዓዋሌ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበረ። ነህምያና ሽታዬ በአንድ ባጃጅ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ፒክአፑ ለማስረጃ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ቆመ፤ የኋላው በር እንደተፈታ ነው።