በጠርሙሱ አንገት ላይ ያለው ቀይ መስመር

ተጫዋቾች ቀለም የተሞሉ ትንንሽ ኳሶች በአየር ጠመንጃ የሚተኳኮሱበት የቀለም ተኩስ ሜዳ ባለቤት በጥገና ክፍላቸው ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። የቀለም ጠመንጃቸውን ሊያጸዱ የአየር ጠርሙሱን ሲፈቱ፣ ጠርሙሱ ከቫልቩ ተላቆ ደረታቸውን መትቷቸዋል። ቫልቩ ጠመንጃው ላይ እንደተሰካ ቀርቷል።

መርማሪው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አጎነበሰ።

«ምኑ ይመረመራል?» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የጨዋታው ዳኛ። «ጠርሙስ የምታጠብቀው ልጁ ናት። ቸልተኝነቷ አባቷን በላ። እሷ ትታሰር፣ ሜዳውን እኔ አየዋለሁ።»

አባቷ «ብሎን» የሚሏት ጠጋኝ ዓይኗ ቀልቷል፤ ቀና ብላ ግን አየችው።

«ጋሼ፣ ያላጠበቅኩት ጠርሙስ ከዚህ በር አይወጣም። ማሰር ካለባቸው ይሰሩኝ፤ አጠፋሁ ብዬ አልፈርምም።»

«መጥበቁን በምን ታውቂያለሽ?» አለ መርማሪው።

«አጥብቄ ስጨርስ ከቫልቩ እስከ ጠርሙሱ አንገት ከመሣሪያ ሳጥኔ በማይለይ ቀይ የጥፍር ቀለም አንድ መስመር አሰምራለሁ። ቫልቩ ከዞረ መስመሩ ለሁለት ይለያያል። አባዬ መስመሩን ሳያይ ጠርሙስ አይነካም።»

«ጠርሙስ ትኩላለች እያልን ስንቀልድባት ነው የኖርነው» አለ በሩ ላይ የቆመው ኳስ ሻጭ።

መርማሪው ቫልቩን አውልቆ ባዶው ጠርሙስ ላይ እስከ መጨረሻው አጠበቀው። የቀዩ መስመር ሁለት ቁራጮች አልተገናኙም። ሦስት ዙር ተኩል ሲያላላው ግን ቀጥ ብለው ገጠሙ።

«ይኸው» አለ ዳኛው። «ሳታጠብቅ አሰመረች።»

«ወይም ሌላ ሰው አላልቶ አሰመረ።» መርማሪው መሐረቡን ውሃ አስነክቶ መስመሩን ጠረገው። መሐረቡ ቀላ። «የጥፍር ቀለም በውሃ አይለቅም። የጨዋታው ኳስ ቀለም ግን ከልብስ እንዲታጠብ ተብሎ ነው የሚሠራው።» ወደ ኳስ ሻጩ ዞረ። «ቀይ ኳስ ትሸጣለህ?»

«እኔ? ደም ይመስላል ተብሎ እዚህ ክልክል ነው። ተጫዋች ይዞ ከመጣ ዳኛው ይወርሰዋል። የወረሰውን የሚቆልፍበት ሳጥን ቁልፍም እሱ አንገት ላይ ነው።»

ዳኛው ቁልፉን ሸሚዙ ውስጥ ከተተ።

«ጠርሙሱን አስተነፈሱት» አለ መርማሪው ለዳኛው፣ ቀስ ብሎ። «ቫልቩን አላሉ፣ የልጅቱን መስመር ፋቁ። ቫልቩ ቢላላም ጎሚኒው፣ የላስቲክ ቀለበቱ፣ አየሩን እንደሚይዝ ስለሚያውቁ መልሰው ሞሉት። መስመር ከሌለ ግን ወንድምዎ አይነኩትም። የጥፍር ቀለሙን ደግሞ እሷ ከመሣሪያ ሳጥኗ ጋር ይዛ ትዞራለች። ስለዚህ ከወረሱት አንድ ኳስ አፈረጡ።»

የዳኛው ሳጥን ተከፈተ። ከቀይ ኳሶቹ መሃል አንድ የፈረጠ፣ አጠገቡም ጫፉ በኳሱ ቀለም የተነከረ የክብሪት እንጨት ተገኘ።

«ሃያ ዓመት አብሬው ለፋሁ!» አለ ዳኛው። «ባለፈው ሳምንት ‹ሜዳው የልጄ ነው› አለኝ። ለብሎን ፈቺ!»

ብሎን ከተወለደች ጀምሮ አንቱ ስትለው ኖራለች።

«ብሎን ፈቺው አንተ ነህ» አለችው። «እኔ አጥባቂ ነኝ።»

ፖሊሶች ዳኛውን ሲወስዱት ኳስ ሻጩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... ሜዳው ይዘጋል?»

«ለቀብሩ ይዘጋል» አለች ብሎን። « በማግስቱ ይከፈታል።»

ጠርሙሱን ከመርማሪው ተቀብላ ቫልቩን እስከ መጨረሻው አጠበቀችና መስመሯን አሰመረች። ሲደርቅ ጣቷን ምራቅ አስነክታ አሸችው። አልለቀቀም።