ቃጫ የሞላው ጆንያ

«እግርሽን ከሰው ነው እንዴ የተዋስሽው? ምን ያንቀጠቅጥሻል?» አለች ናጃህ ገመድ እየዘለለች። ልጆቹ ሳቁ።

ሳሌሃ ገመዷን መዝለል ቀጠለች፤ አፏን ብትከፍት ትንፋሿ ያልቃል። ከቡታጅራው የቴኳንዶ ክለብ ሴቶች የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ለወልቂጤው ውድድር የምታልፈው ደግሞ አንዷ ናት። ፑሽ አፕ፣ ገመድ፣ ጎማ መጎተት፣ በመጨረሻም የአሸዋ ጆንያ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ። ትንሽ ዕረፍት፣ ከዚያ እንደገና። ጆንያዋን ቀድማ ያወረደች ትወጣለች። አሰልጣኙ ማስተር ካሳሁን በሕግ ቀልድ አያውቅም።

ሳሌሃ ናጃህን ትጠላታለች። ለመደበቅም አትሞክርም።

ከዕረፍት ተመልሳ ጆንያዋን ብድግ ስታደርግ ወደ ኋላ ልትወድቅ ነበር፤ በጣም ቀለላት። አፉ እንደ ራሷ ጆንያ በቀይ ክር ታስሯል። ጫን ስታደርገው ግን እጇ ሰመጠ። ቃጫ ነው!

«ዝም በይ» አለች ጓደኛዋ ትርሲት ጠጋ ብላ። የትርሲት እናት ገበያ ላይ ቃጫ ትሸጣለች። «ቀየርኩልሽ። ያቺን ጉረኛ አፈር ድሜ አስግጪያት!»

ፊሽካው ተነፋ። ሳሌሃ ቁጭ ብድግ አለች፤ ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት። አጠገቧ የናጃህ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ላቧ ካገጯ ይንጠባጠባል።

«ምነው፣ ደከመሽ?» አለቻት ሳሌሃ።

«ሙድ አትያዢብኝ» አለች ናጃህ ጥርሷን ነክሳ። ከንፈሯ ደርቋል፤ ጆንያውን ግን አልለቀቀችም። እንደገና ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች።

ሳሌሃ ይህችን ልጅ ማሸነፍ ከልቧ ትፈልጋለች። አሁን የሚያሸንፋት ግን ቃጫው ነው። ተናደደች፤ በትርሲትም፣ በናጃህም፣ በራሷም።

ጆንያውን አወረደችው።

«ሳሌሃ ወጥታለች» አለ ማስተር ካሳሁን።

ናጃህ የራሷን ጆንያ ጣለችና መሬት ላይ ተዘረጋች። «አላልኳችሁም? ፋራ!»

«አበድሽ እንዴ?» አለች ትርሲት።

«ጆንያውን ለእናትሽ መልሺ» አለቻት ሳሌሃ ቀስ ብላ፤ ለሌላ ሰው ምንም አልተናገረችም። ከዚያ ናጃህ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

«ከወልቂጤ በፊት በልምምድ የሚገጥምሽ ሰው ያስፈልግሻል። ነገ እመጣለሁ።»

ናጃህ ተጠራጥራ ቀና አለች። «አንቺ? ለምን?»

«ልመታሽ ነዋ!» አለች ሳሌሃ።