የሱቫርና ቀኝ እጅ

የቪራጃፑራ ታላቅ ሐይቅ በአንድ ጀምበር ደረቀ። ዓሦቹ ጭቃው ላይ ሲንፈራገጡ ያየው ሕዝብ ወደ ቤተ መቅደሱ ሮጠ። በላይኛው አዳራሽ ብራህማን ካህናት ለአምላካቸው ለሺቫ ይሰግዳሉ፣ በታችኛው መነኮሳት በቡድሃ ምስል ፊት ያሰላስላሉ፤ ሁለቱ እምነቶች አራት መቶ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል። በዚያ ቀን ግን የሺቫ ምስል ሦስተኛ ዓይን፣ ውሃውን የሚጠራው ቀይ ዕንቁ፣ ከግንባሩ ተፈልቅቆ ተወስዷል። ከምስሉ እግር ሥር ድንጋይ ቀራጩ ቪማላ በደሙ ተነክሮ ተጋድሟል። የገደለው የንጉሡ ጦር አዛዥ ሩድራቫርማን ነው፤ ዕንቁውን ይዞ ወደ ጥቁሩ ተራራ ምሽጉ ሸሽቷል።

የቪማላ ልጅ ሱቫርና አላለቀሰችም። ከመሠዊያው አመድ አንሥታ ግንባሯን ቀባች።

«ሺቫ ሆይ፣ ስማኝ! የአባቴን ገዳይ በገዛ እጄ ሳልገድል ፀጉሬን አልሠራም፣ አልጋ ላይም አልተኛም» ብላ ማለች።

ሽማግሌው መነኩሴ ናንዳ በትራቸውን ይዘው ከታችኛው አዳራሽ ወጡ።

«አብሬሽ እሄዳለሁ» አሏት። «አንቺ ለበቀልሽ፣ እኔ ለውሃው።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከተራራው ግርጌ ካለው ወንዝ ደረሱ። ባለ ሰባት ራሱ እባብ፣ ናጋ፣ ከውሃው ብቅ ብሎ መንገዱን ዘጋ።

«ሁለት ሆኖ የመጣ አንድ ሆኖ ይሻገራል» አለ፤ ድምፁ ዳርቻውን አናወጠው።

ሱቫርና ሰይፏን መዘዘች። መነኩሴው ክንዷን ያዟት።

«ተዪው፣ ልጄ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ያ ዕንቁ ቂም ይዞ የነካውን እጅ ያቃጥላል። ስትደርሺ ቂምሽን ጥለሽ አንሺው።»

«አልችልም፣ አባ።»

«አውቃለሁ» አሉና ልብሳቸውን ሰብስበው ወደ ውሃው ገቡ። ውሃው ዋጣቸው፤ ናጋውም መንገዱን ለቀቀ።

ጥርሷን ነክሳ ተሻገረች። አሁን የሁለት ሰው ደም ይዛለች።

የምሽጉ በር በጦረኞች ተጠብቋል፤ እሷ ግን የቀራጭ ልጅ ናትና የገደሉን አለት ስንጥቅ በስንጥቅ እየቧጠጠች ወጣች። ሩድራቫርማንን ሰገነቱ ላይ ብቻውን አገኘችው። ዕንቁው ለራሱ ባሠራው ዘውድ ላይ ያበራል።

«አባትሽ ዝም ብሎ ቢሰጠኝ ኖሮ ዛሬ በሕይወት በነበረ» አላት ሰይፉን እየመዘዘ።

«እሱ ያልሰጠህን ልቀበልህ መጣሁ።»

ሰይፉ ትከሻዋን ሲሰነጥቃት ተጠግታ ቀኝ እጇን ወደ ዘውዱ ሰደደች። ዕንቁው መዳፏ ውስጥ እንደ ፍም ነደደ። ሥጋዋ ሲጨስ አየች። መልቀቅ ትችል ነበር፤ አለቀቀችም። የአባቷን ስም፣ ቀጥሎም የመነኩሴውን ስም ጠርታ ዕንቁውን ደረቱ ላይ ተጫነችው። ቂሟ በዕንቁው አልፎ ገባበትና አዛዡ ከውስጡ ነድዶ አመድ ሆነ። ደስ አላት፤ ይህንንም ኋላ ከማንም አልደበቀችም።

የተረፋትን ግራ እጇን ስትዘረጋ ዕንቁው ቀዝቅዞ ጠበቃት። በወንዙ ስትመለስ ናጋው ሰባቱንም ራሶቹን ደፋላት። ዕንቁው ተመልሶ ከሺቫ ግንባር እንደገባ ውሃው እየጮኸ ወደ ሐይቁ ተመለሰ፤ ሕዝቡም እስከ ወገቡ ገብቶ ጨፈረ።

ሱቫርና ግን ሐይቁ ዳር ካለው አለት ላይ የናንዳን ምስል በግራ እጇ መቅረጽ ጀመረች። በስድስተኛው ዓመት የምስሉ ፊት ጠመመባት። ብራህማኖቹ ሌላ ቀራጭ እንጥራ ቢሏት ቀና አላለችም።

«ወደ ውሃው ሲገቡ ያየኋቸው እኔ ነኝ» አለችና መሮዋን አስተካክላ ቀጠለች።