በቀይ እስክሪብቶ

ሰው የሚፈልገውን ነገር በማመልከቻው የመጀመሪያ አንቀጽ አይጽፍም። ይህን ያወቅሁት ቢቸና ውስጥ ሦስት ዓመት የሰው ማመልከቻ ስተይብ ነው። መጀመሪያ ሰላምታ ይቀድማል፣ ከዚያ ድካሙ ይዘረዘራል። ልቡ ያለው ከታች፣ ከፊርማው በላይ ነው።

ሐምሌ ነበር። አንድ ዝናብ የመታው ወጣት ወደምተይብባት ጽሕፈት ቤት ገባ። እሱ በስብሷል፤ በፌስታል ጠቅልሎ በደረቱ የያዘው ወረቀት ግን ደረቅ ነበር።

«ይቺ እንድትተየብልኝ ነበር።»

«እሺ። ስም?»

«ይታያል።»

«የት ነው የሚታየው? ስምህን ንገረኝ እንጂ።»

«ነገርሁሽ እኮ። ይታያል ደምለው። ከሞጣ።»

አልሳቅሁም። አለመሳቄን ግን አየው።

«የአንቺስ?»

«ፈንታነሽ።»

«በማን ፈንታ?»

«ከእኔ በፊት በሞተች እህቴ።»

ቀና ብሎ አየኝና ዝም አለ። ስሜን የሰማ ሰው ሁሉ «ደስ የሚል ስም» ይለኝ ነበር። ዝም ያለኝ እሱ የመጀመሪያው ነው።

ሞጣ መብራት ከጠፋ ሳምንቱ ነበርና ለዚህ ነው ቢቸና ድረስ የመጣው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ አማራጭ የሊበራል አርት ፕሮግራም ከፍቷል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ያልመጣለት ሰው በጽሑፍ ይወዳደራል፤ ጽሑፉ የተወደደለትን ደግሞ በስልክ ይጠይቁታል። ጥያቄው አንድ ነው፦ በደንብ ስለምታውቀው ነገር ጻፍ።

ይታያል የሞጣ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነው። የጻፈውም ስለ መናኸሪያ ነበር። ተጓዥና ሸኚ በምን እንደሚለዩ ጽፏል። ሻንጣ አይለያቸውም፣ ዕንባም አይለያቸውም ይላል፤ ተጓዡ መስኮት መስኮቱን ያያል፣ ሸኚው ግን ጎማውን ነው የሚያየው። እዚህ ስደርስ እጄ ቆመ።

«ስሕተት አገኘሽ?»

«አይ። መብራት ሄደ።»

መብራቱ የሄደው እኔ ይህን ካልሁ በኋላ ነው። እሱም አስተዋለ።

የአራት ገጽ ጽሑፍ ሦስት ቀን ፈጀብን። ቢቸናም ለሞጣ የምታዝን ይመስል መብራቷ ደጋግሞ ይጠፋ ነበር። በጠፋ ቁጥር እሱ በሩ ላይ ይቆማል፣ እኔ የጠቆረውን ስክሪን አያለሁ። ስክሪኑ ውስጥ ጀርባው ይታየኛል። እንዲህ ሦስት ቀን ሙሉ ጀርባውን ሳይ ከረምሁ።

በሦስተኛው ቀን «አንቺስ ለምን አትጽፊም?» አለኝ።

«ምን አውቄ?»

«ማመልከቻ።»

የዚያኑ ዕለት ጻፍሁ። ከላይ በሰላምታ የጀመርኋቸውን የሰዎች ድካም ሁሉ እያስታወስሁ፣ እኔ ግን ከታች፣ ከፊርማው በላይ ካለው ጀመርሁ።

አባቴን መሪጌታ አካለ ወልድን ማስፈቀድ ቀረኝ።

«ሊበራል ፓርቲ ነው» አሉ። «አርት ደግሞ ሥዕል ነው። ሥዕል የሚስል ፓርቲ ልትገቢ ነው?»

«አይደለም አባዬ። ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው የሚማሩት፤ ታሪክም፣ ሒሳብም፣ ፍልስፍናም።»

«ከዚያስ ምን ይሆናሉ?»

«እሱን አልነገሩንም።»

ብዙ አሰቡ። «እኔም ዜማውን ደብረ ወርቅ፣ ቅኔውን ዲማ ተማርሁ። ምን እንደምሆን የነገረኝ አልነበረም። ለካ ሊበራል ነበርሁ» አሉ። ፈቀዱ ማለት ነው።

ኢንተርኔት ስላልነበረ ሁለቱንም ጽሑፍ በአንድ ፖስታ ላክናቸው። ወረቀት እንዳይደባለቅብኝ የባለጉዳይን ስም የፊተኛው ገጽ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ የአባት ስም አልጨምርም። የእሱ ላይም ጻፍሁ። የእኔ ላይ አልጻፍሁም፤ የራሴን ከማን ጋር አምታታዋለሁ?

ጥቅምት ላይ ለእኔ ተደወለ። ጠየቁኝ፣ መለስሁ፣ ተቀበሉኝ። ለእሱ አልተደወለለትም።

«አልተቀበልንህም እንኳ አላሉኝም» አለ በስልክ። ድምፁ ደኅና ነበር። ደኅና ድምፅ ለማውጣት ቆይቶ እንደ ደወለ ግን ያስታውቃል።

ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ቀን፣ ሊሸኘኝ ከሞጣ በተነሣው የአዲስ አበባ ሚኒባስ ቢቸና ድረስ መጣ። እሱ ወረደ፣ በእሱ ወንበር እኔ ገባሁ። ወንበሩ ሙቀት ነበረው። አባቴ ባረኩኝ። ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሣ በመስኮት ፈለግሁት።

ጎማውን እያየ ነበር።

ዓባይ ድልድይ እስክንደርስ በመስኮት ወደ ኋላ ሳይ ሄድሁ።

አዲስ አበባ እንደ ገባሁ ወደ ፕሮግራሙ ቢሮ ሄድሁ። ጸሐፊዋ ወይዘሮ አስናቀች ፎርም ስትፈልግልኝ፣ መስኮቱ ሥር ከተቆለለው ወረቀት ከላይ የራሴን ቀይ ጽሕፈት አየሁ።

«ይቺ ለምን አልታየችም?»

«የቱ? እሱማ ውሳኔ አለበት።» ጣቷን ቀዩ ላይ አሳረፈች። «‹ይታያል› ብለውበታል እኮ። እዚህ ቤት በቀይ የሚጽፉት ኃላፊው ብቻ ናቸው።»

«መቼ ነው የሚታየው?»

«እሱን አልጻፉም።»

«ወይዘሮ አስናቀች፣ ይሄ የሰው ስም ነው።»

ስቃ መጨረስ አቃታት። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን የእኔ ሳቅ ወደ ሌላ ነገር ሄደብኝ፤ ውኃ አመጣችልኝ።

ኃላፊው ጽሑፉን እዚያው ቆመው አነበቡት። ጎማው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «የዘንድሮው ቦታ ሞልቷል» አሉ። «የሚመጣውን ዓመት ግን ከእሱ ነው የምንጀምረው።» ቀይ እስክሪብቶ አወጡና ከእኔ ጽሕፈት ሥር ጻፉበት፦ ይታያል።

ማታውን ደወልሁለት። ሁሉንም ነገርሁት። ከላይ፣ ከሰላምታው አልጀመርሁም።

«ስሜ ነው የጣለኝ?»

«የእኔ እስክሪብቶ ነው።»

ከእሱ ኋላ፣ መናኸሪያው ውስጥ አንድ ሰው «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!» ሲል ይሰማኛል።

«ስለዚህ በእኔ ፈንታ ነሽ» አለ።

በስሜ ጠራኝ ወይስ ወቀሰኝ፣ አልለየሁም። «ምን አልህ?» ልለው ስል ስልኩ ተቋረጠ። በነጋታው ሞጣ ኔትወርክ የላትም ተባለ። በሳምንቱ መንገዱም ተዘጋ።

አሁን መጋቢት ነው። ስለ ግሪኮች፣ ስለ ሕዋስ፣ ስለ ዕድል ሒሳብ ተምሬአለሁ፤ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ። ቁጥሩን በየቀኑ እደውላለሁ። አንዲት ሴት ማግኘት እንደማልችል በትሕትና ትነግረኛለች፤ ከመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ሌላ፣ ከዚህች ከተማ ሰው በየቀኑ የማወራው ከእሷ ጋር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የጎጃም መኪና የሚቆምበት መናኸሪያ እሄዳለሁ። የምቀበለውም የምሸኘውም የለኝም። ስመለስ ምን ሳይ እንደ ዋልሁ ትዝ ይለኛል፤ ጎማ።

ትናንት የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ኸይራት ጸጉሯን እየጎነጎነች፣ «ፈንቱ፣ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ የምትወጂው ሰው አለ?» አለችኝ።

«ይታያል» አልኋት።

«አይ የጎጃም ሰው! ቅኔሽን ተይና መልሺልኝ።»

«መለስሁልሽ እኮ።»

ጉንጉኑን ትታ ዞር ብላ አየችኝ። «እሺ፣ መቼ ነው የሚታየው?»

«መንገዱ ሲከፈት።»